የለቅሶ ካናቴራ

ቦሰና የሞተ ልጇን ያየችው ሆት ዶግ ወረፋ ላይ ነው። ለወንድሟ ሻይ ልትገዛ ቆማ፣ ከፊቷ የነበረው ጎረምሳ ዳቦው ላይ ሰናፍጭ ጨምቆ ዞር ሲል፣ ደረቱ ላይ ኢዮኤል ቁጭ ብሏል። ጥቁር ካናቴራ ነው። ነጭ ደመና ታትሞበታል፤ ከደመናው መሀል ያ ጠይም ፊት፣ ያ ቅንድቡን የሚከፍለው ጠባሳ፣ ያ ልሳቅ አልሳቅ እያለ የሚያመነታ ከንፈር። ከሥሩ በወርቃማ የእንግሊዝኛ ፊደል ስሙ ተጽፏል፤ ከዚያ በእኛው ፊደል «ኢዮኤል»፤ ከዚያ 1974 – 1996። ጎረምሳው «ኤክስኪዩዝ ሚ ማም» ብሏት አልፏት ሄደ። ኢዮኤልም አብሮት ሄደ። ቦሰና ማማተብ እንኳ አልሆነላትም፤ እጇ ግንባሯ ላይ ደርሶ እዚያው ቀረ። ሻጩ «ኔክስት!» ሲላት፣ በገዛ እጁ አፈር ያለበሰውን ልጅ በሰው ደረት ላይ ሆኖ ሲያልፍ ያየ ሰው ምን እንደሚያዝ ግራ ገብቷት ወረፋውን ለቅቃ ወጣች።

ቦታው ሆሊውድ ውስጥ ያለ አንድ ያረጀ ሆቴል ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ ይምሽ ይንጋ አይታወቅም፤ ኤሲው አጥንት ድረስ ይገባል። በየጊዜው አሮጌ ነገር የሚወዱ ሰዎች እዚያ ይሰበሰቡና አንዱ የሌላውን የልጅነት ጓዝ ይገዛዋል፤ ሲያስተኟቸው ዓይናቸውን የሚጨፍኑ አሻንጉሊቶች፣ ቁልፋቸው ሲጠመዘዝ የሚራመዱ የቆርቆሮ ሮቦቶች፣ ባለ ሥዕል የምሳ ሳጥኖች፣ የፊልም ፖስተሮች፣ በየሽቦው ላይ የተሰቀሉ የጎማ ጭንብሎች። «እናንተዬ፣ ለዚህ ነው ሰው ዶላር የሚከፍለው?» ብላ ነበር ጠዋት ስትገባ። ታናሽ ወንድሟ ዓለምሰገድ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድቶ፣ የታክሲው ሥራ ሲሞትና ጉልበቱ ሲከዳው፣ የድሮ ሸክላና ካሴት ነጋዴ ሆኗል። ሐበሻው ጋራዥ ውስጥ አቧራ ያስበላውን ሸክላ ፈረንጁ ዛሬ እንደ ጉድ ይሻማበታል፤ እሱም ከየዘመዱ ጓዳ እየለቀመ ይሸጣል። ጠረጴዛው ላይ የምታግዘው ሚስቱ ዘቢደር ነበረች፤ ዛሬ ሆስፒታል ሺፍት ገባች። ሶ ዓለምሰገድ በማለዳ ሐበሻ ሰፈር ፌርፋክስ መጥቶ፣ ከአንድ ምግብ ቤት በላይ ያለችውን የቦሰናን አንድ ክፍል አንኳኩቶ፣ «እትዬ፣ ለዛሬ ብቻ። ሽንት ቤት ስሄድ ዕቃውን የሚያይልኝ ሰው ነው የቸገረኝ» አላት። እሷም «የሰው ጓዳ ጥራጊ ስትቸረችር ላጅብህ?» እያለች ነጠላዋን ደርባ ተከተለችው።

አሁን ባዶ እጇን ተመለሰች። ዓለምሰገድ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ የሸክላ ሽፋን ይጠርጋል።

«ልጄን አየሁት» አለችው።

የት? እንዴት? ብሎ አልጠየቃትም። ጨርቁን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ። «ራስሽን አዙሮሽ ይሆናል እትዬ። ቁርስም አልበላሽ» አለ።

«ስሙን በአማርኛ ጽፎ የሚመጣ ራስ ማዞር አለ?»

ዓለምሰገድ ዝም። መቼም እነዚህ እህትና ወንድም ዝምታ ያውቁበታል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቷ ሲያደርሳት ስለ ኪራይ ያወራሉ፣ ስለ ነዳጅ ዋጋ ያወራሉ፣ ሎንግ ቢች ቤት ይረክሳል ስለሚባለው ነገር ያወራሉ፤ ኢዮኤል የሚለው ስም ግን ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያ መኪና ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ቦሰና ይህ ዝምታ የሐዘን ነው ብላ ነበር የኖረችው። ዛሬ ግን ወንድሟ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። 

ካናቴራውን እሷ ካላወቀችው ማን ሊያውቀው ነው? ኢዮኤል ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል የእንግዳ መኪና ሲያቆም አምሽቶ፣ ሲመለስ ፍሪዌይ ላይ ተጋጭቶ የቀረ ጊዜ፣ ለአርባው የሚለበሰውን ካናቴራ ያሠራው ዓለምሰገድ ነበር። አታሚው አንድ ሜክሲኳዊ ነው፤ ለሰፈሩ ሟች ሁሉ እንደሚያደርገው ደመናውንም ወርቁንም ከራሱ ጨመረበት። «የተወለደበት ዓመት? የሞተበት?» ሲለው፣ ዓለምሰገድ በዚያ ሰዓት ልቡ መች አብሮት ነበርና በኛ አቆጣጠር ሰጠው፤ ሰባ አራት፣ ዘጠና ስድስት። መቶ ካናቴራ ታትሞ ሲመጣ ነው ወጣቶቹ «እንዴ ጋሼ! ይሄ እኮ የሐበሻ ነው፤ ፈረንጆቹ ከሰባት ዓመት በፊት የሞተ ነው የሚመስላቸው» ያሉት። እሱም ተቆጥቶ «ለፈረንጅ ነው እንዴ የምናለቅሰው?» አለ፤ ሽማግሌዎቹም «ደግ ተናገርክ» አሉት። ነገሩ በዚሁ አለቀ። ሙት ዓመቱ ወጥቶ ቦሰና ጥቁሯን ስታወልቅ፣ የተረፈውንም የራሷንም ካናቴራ በቆሻሻ ከረጢት ጠቅጥቃ «ከዓይኔ አጥፋልኝ» ብላ ሰጠችው። ከሳምንት በኋላ «አቃጠልኩት እትዬ፤ ጸሎት አድርሼ» አላት። አመነችው። ለምን አታምነውም? ወንድሟ ነው።

ሻዩ ተረሳና ቦሰና ጎረምሳውን ፍለጋ ወጣች። ጎረምሳውን ሳይሆን ሌላ ኢዮኤል አገኘች። አንዲት ልጅ የካናቴራውን ታችኛውን ግማሽ በመቀስ ቆርጣዋለች፤ አገጩ የለም፤ ኢዮኤል እስከ ከንፈሩ ብቻ ሆኖ ከእምብርቷ በላይ ያያል። አለፍ ስትል አንድ ሽበታም ሰውዬ ጃኬቱን ሲከፍት ኢዮኤል ብቅ አለ፤ ዚፑን ሲዘጋ ተመልሶ ገባ። ቦሰና የሰው ፊት ማየት ተወች፤ ደረት ደረት ብቻ እያየች በአሻንጉሊቶቹ መሀል፣ በጭንብሎቹ ሥር አለፈች። አንዱ ጭንብል ነጠላዋን ያዝ አደረገው፤ ደንግጣ ስትመነጭቀው ጎማው ፊቱን አጨማዶ ለቀቃት። ጭንብል ሻጩ ሳቀ። ፈራች። ልጅን መፍራት አለ? ሃያ ዓመት በህልሜ እንኳ ና እያለች የለመነችውን ልጅ፣ ሲመጣላት ፈራችው።

መጨረሻ ላይ የልብስ ሻጮቹ ረድፍ ነው። ሦስት አንገት የሌላቸው የልብስ ማሳያ ምስሎች ተደርድረው ቆመዋል፤ ሦስቱም ኢዮኤልን ለብሰዋል። ጭንቅላት ስለሌላቸው ፊቱ ወደ ሆዳቸው የወረደ ይመስላል። ከእያንዳንዱ ብብት ሥር ወረቀት ተንጠልጥሏል፤ ሁለት መቶ ሰማንያ ዶላር። ከሥሮቻቸው አንዲት ፀጉሯን ብርማ ያስቀባች፣ ክንዷ ሙሉ የተነቀሰች ሴትዮ ተቀምጣለች። ደግ ፊት አላት። የቦሰና እንግሊዝኛ የሳንታ ሞኒካ ላውንደሪ ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ አንሶላና ፎጣ ሲሆን ይፈሳል፣ ከዚያ ውጪ ይሰባበራል። ቢሆንም ጠየቀቻት፤ ይሄ ማነው?

«ኢዮኤልን አታውቂውም?» አለች ሴትዮዋ፣ ደስ ብሏት ተነስታ። «ዘፋኝ ነበር። ራፐር። የመጀመሪያ አልበሙ ሊወጣ ሲል ነው የሞተው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ። ቴፑ ጠፍቶ ቀረ። ይኸው ዓመቱ እዚህ አለ፣ 1996። ይሄ ኦሪጅናል የቀብሩ ቲሸርት ነው፤ ታጥቦ አያውቅም።»

ቦሰና ቁጥሩን አየችው። በፈረንጅ 1996 ኢዮኤል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ጥርሱ ላይ ሽቦ ነበረው። ትምህርት ቤት እየረፈደበት ካልሲ ፍለጋ ቤቱን ይገለብጠው ነበር። ደጉ ሰባት ዓመት ገና ከፊቱ ነበር፤ የድምፁ መጎርነን፣ የመጀመሪያ ደመወዙን ይዞ መጥቶ ማይክሮዌቭ የገዛላት፣ «ማሚ፣ ጡረታ ውጪ እንግዲህ» ያላት፣ ያ ሁሉ። እነዚህ ሰዎች ያን ሁሉ ቆርጠው ጥለው ሰባት ዓመት ቀድመው ገድለውታል። ተናደደች። የሞተ ተጎዳ ይላል ያገሬ ሰው፤ ሞቶም ይጎዳል እንዴ?

«በዚያ ዓመት አልሞተም» አለች። ድምፏ ከፍ ብሎ አዳራሹ ውስጥ አስተጋባ።

ሴትዮዋ አልተገረመችም። ራሷን ነቀነቀችና ድምፏን ዝቅ አድርጋ «አዎ፣ ብዙ ሰው እንደሱ ይላል» አለቻት። «አይተነዋል የሚሉም አሉ።»

ቦሰና ልጄ ነው ልትል አፏን ከፈተች። ወረቀቱ ግን ከኤሲው ነፋስ ጋር እየተወዛወዘ ሁለት መቶ ሰማንያ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ይላል፤ ዋጋ ከተለጠፈበት ነገር ፊት ልጄ ማለት አፍ አይሞላም። «አንዱን ስጪኝ» አለች በምትኩ። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ዘይትና ሽንኩርት የምትገዛበት ነው፤ ቢሆንም ትለምናለች፣ ዋስ ትጠራለች፣ አንዱን ሳትይዝ ከዚህ ምድር ቤት አትወጣም። ወስዳ ታጥበዋለች፣ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች፣ ማንም አያየውም። ሴትዮዋ ግን ከልቧ አዝና «ሦስቱም ተሸጠዋል ሀኒ። ሲዘጋ ይወስዷቸዋል። የመጨረሻዎቹ ናቸው» አለች። ከዚያ ልታጽናናት ብላ ጨመረች፤ «የሸጠልኝን ሰውዬ ጠይቂው፣ ምናልባት ተርፎት ይሆናል። እዚሁ ነው ያለው። እዚያ ሪከርድ የሚሸጠው ሽማግሌ።»

ቦሰና ወደተጠቆመችው አቅጣጫ አልዞረችም፤ ያውቀዋል ልቧ።

ስትመለስ ዓለምሰገድ ለአንድ ደንበኛ ሸክላ ይጠቀልላል። ገበያተኛ ፊት ገመና አይወጣምና እጇን አጣምራ ቆማ ጠበቀችው። ሰውዬው ከፍሎ፣ አመስግኖ፣ ሄደ።

«አቃጠልኩት አላልከኝም?»

ዓለምሰገድ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጉልበቱ ጮኸ። «ክብሪት ይዤ ወጥቼ ነበር እትዬ። ፊቱን እንዴት አድርጌ ላቃጥል? ጋራዥ ከተትኩት። ሃያ ዓመት መኪናዬን ከሱ ጋር ፓርክ አደረግሁ። አምና ከዚያ ቤት ሙቭ ስናደርግ ከሸክላዎቹ ጋር አብሮ ወጣ፤ ሴትዮዋ አየችው። ዘፋኝ ነው? አለችኝ። የስ አልኳት። አንድ ቃል ነው። በእግዜር፣ ከዚያ ሌላ አልተናገርኩም። የቀረውን ራሳቸው ናቸው የጨመሩት።»

«ለምን የስ አልክ?»

«ምን ልበል? የእህቴ ልጅ ነው ብዬ ዋጋ ልጥራ?»

ልትሰድበው ነበር። ይሁዳ ልትለው ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን እሷም አሁን እዚያ ቆማ ልጄ ነው የሚለውን ቃል መዋጧ ትዝ አላትና ተወችው።  ከጎናቸው ያለው ሻጭ አንድ የቆርቆሮ ሮቦት ቁልፉን ጠምዝዞ ለቀቀው፤ ጠረጴዛው ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ ሄዶ ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ማም?»

ጎረምሳው ነው። ያ የሆት ዶጉ። ቀጭን፣ ረጅም ልጅ ነው፤ የሕፃን የሚመስል ጢም አለው። ኢዮኤል ደረቱ ላይ ሆኖ በልጁ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ባለ ብርማ ፀጉሯ ሴት ልካዋለች፤ አንዲት አሮጊት ኢዮኤልን የሚያውቁት ይመስላል ብላው። ልጁ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ካህን ፊት እንደቀረበ ሰው አጎንብሶ፣ «እውነት ያውቁት ነበር?» አለ። መልስም ሳይጠብቅ ወሬውን አፈሰሰው። አባቱ ኢዮኤልን ሎንግ ቢች አንዲት ጠባብ ክለብ ውስጥ አንድ ምሽት ሲዘፍን አይቶታል። አባቱ አሁን የለም፤ ግን ታሞ የተኛ ጊዜ ይህን ካናቴራ ሲያሳየው ደስ ብሎት ሁሉን አስታወሰለት። ማይኩን በግራ እጁ ነው የሚይዘው አለ። ግራኝ ነበር። ከመዝፈኑ በፊት ደግሞ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ በአውራ ጣቱ ሁለት ጊዜ ዳበስ ያደርጋል።

ቦሰና ወደ ወንድሟ ዞረች። ኢዮኤል ግራኝ ነበር። ካናቴራው ላይ እጅ የለም፤ ፎቶው ትከሻው ላይ ያበቃል። ጠባሳውን ሲያፍር፣ ሲጨንቀው፣ ፈተና ሲቀመጥ በአውራ ጣቱ ሁለት ጊዜ ይዳብሰው ነበር፤ ይህን ከእናቱ በቀር ያየ ሰው ያለ አይመስላትም።

«ይሄንንስ አንተ ነህ የነገርካቸው?» አለችው በአማርኛ።

ዓለምሰገድ ፊቱ አመድ መስሏል። «እኔ ስለ እጁ ምንም አላልኩም እትዬ» አለ። «ጠባሳውን እንደሚዳብስም ገና አሁን መስማቴ ነው።» አማተበ። እሷም አማተበች፤ ጎረምሳው ሁለቱንም በየተራ እያየ ይጠብቃል። ኢዮኤልም ይጠብቃል፤ ልሳቅ አልሳቅ እያለ።

አሁን ካልተናገረች መቼም አትናገርም።  «ልጄ ነው» አለች በዚያ በላውንደሪ ቤት እንግሊዝኛ። «አልዘፈነም። መኪና ነበር የሚያቆም። ልጄ ነው። ስጠኝ።»

ጎረምሳው ወደ ዓለምሰገድ አየ። ዓለምሰገድ ከወንበሩ ተነሣ፤ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ኮፍያውን አወለቀና «የስ» አለው። «እናቱ ናት። እኔ አጎቱ ነኝ። ያኔ የዋሸሁት እኔ ነኝ።» ልጁ ስንት እንደከፈለበት አልተናገረም፤ ቦሰናም ለምን እንዳልተናገረ አልጠየቀችም። በሁለት እጁ ጫፉን ያዘና በራሱ ላይ ገለበጠው፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል፣ የጎድን አጥንቱ እየታየ፣ ራቁቱን ቆመ። ካናቴራውን አጥፎ በሁለት እጁ አቀበላት። እሷም እንደ እኛ ወግ በሁለት እጇ ተቀበለችው።

ይሞቅ ነበር።

ይህን አልጠበቀችም። የሚያስቀምጡት ነገር ነበር የለመነችው፤ ጨርቅ፣ መሳቢያ ውስጥ የሚገባ። እጇ ላይ ያረፈው ግን የሰው ሙቀት ነው፤ ላቡ፣ የደረቱ እርጥበት፣ ሕያው ሰው አሁን የወጣበት። ኢዮኤልን ለመጨረሻ ጊዜ የዳሰሰችው አስከሬኑ በነበረበት ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ጉንጩን ይዛ አልለቅም ብላ፣ በመዳፏ ላሙቀው ብላ፣ ሰዎቹ እስኪያስለቅቋት ድረስ ትንሽም አልሞቀላትም። ያ ብርድ ሃያ ዓመት መዳፏ ላይ አለ። አሁን በዚያው መዳፍ ላይ ሞቆ መጣላት። ካናቴራውን ፊቷ ላይ ለጠፈችውና በሰው መሀል፣ በአሻንጉሊትና በጭንብል መሀል፣ ያላፈረችበትን ለቅሶ አለቀሰች። ዓለምሰገድ ትከሻዋን ሊይዝ እጁን ሰደደ፤ ሳይነካት መለሰው።

ከዚያ ተሰማት። ኤሲው ከላይ ይነፍሳል። ሙቀቱ ከጫፍ ከጫፉ መሄድ ጀምሯል፤ መጀመሪያ እጅጌው፣ ከዚያ ደመናው። አጠበቀችው፣ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው፣ በነጠላዋ ሸፈነችው። የአሮጊት ገላ ምን ሙቀት አለው። ፊቱ ድረስ መጣ፤ ጉንጩ ሲበርድ በጣቶቿ ታውቀዋለች፣ ይህንን አንዴ አሳልፋዋለች።

ቦሰና ካናቴራውን ከነጠላዋ ሥር መዥርጣ አወጣችው። ጎረምሳውን ክንዱን ይዛ አስጎነበሰችውና አንገቱን ታስገባለት ጀመር፤ ልጁ ግራ ገብቶት በእንግሊዝኛ የእርስዎ ነው፣ ይውሰዱት ይላታል፤ እሷ አትሰማም፤ አንዱን እጁን አሾለከች፣ ሌላውን ትፈልጋለች።

«ልበሰው» አለችው በአማርኛ። «ቶሎ ልበስልኝ የኔ ልጅ፤ እየቀዘቀዘብኝ ነው።»